ዜና መዋዕል ዘከበሮ፤ የተማረ ሐረጉና የዋልያስ ባንድ ነገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የዋልያስ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረውን የተማረ ሐረጉን ሥራ፣ ከእርሱም በፊት ከበሮ ያነገቱትን፣ ከእርሱም በኋላ ስቲክ የጨበጡትን ሁሉ ለማስታወስ ይህን ዜና መዋዕል በአገው ምድር በዳንግላ ተቀምጠን እንጽፋለን። ለድምፃውያን ጸሐፊ አልጠፋላቸውም። መልካቸው በሸክላው ሽፋን ላይ ታትሞላቸዋል፣ ስማቸው በሬድዮ ተጠርቶላቸዋል፣ በሠርግም በክርስትናም ተወድሰዋል። ከኋላ ተቀምጦ በሲምባል የተጋረደውን ግን ማን አየው? እኛ የቆምነው ለእርሱ ነው። አድልተዋል የሚለን ቢኖር እውነቱን ነው፤ እስከ ዛሬ ለወዲያኛው ወገን ያዳላ በዝቷልና።

አስቀድመን ዘሩን እንቍጠር። ድራም በአገራችን ሁለት አባት አለው። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነው። ሊቃውንቱ ጠፍሩን ሲያመሠጥሩ በጌታችን ጀርባ ላይ የወጣው የግርፋት ሰንበር ምሳሌ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ በማኅሌት ከበሮ ያነገተ ሰው እየተጫወተ ነው አይባልም። ሁለተኛው ነጋሪት ነው። ነጋሪት ሳይጎሰም አዋጅ አዋጅ አልነበረም፣ ሹሙም ሹም አይባልም ነበር። መንግሥትም ይህን ውለታ አልካደም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ማሳተም ሲጀምር በመሰንቆም በእምቢልታም ስም አልጠራውም፤ «ነጋሪት ጋዜጣ» አለው እንጂ። ዘፋኞች ይህን ልብ ይበሉ።

ከዐድዋ ድል በኋላ የናስ መሣሪያ ከሩሲያ መጣ። በፈረንጆች 1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከሙዚቃ አስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ አርባ ልጆች የሚባሉት የናስ ሙዚቀኞች እነርሱ ናቸው። በዓመቱ ወደ እኛ ወደ ዳንግላ ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል መጥቶ ተቀመጠ፤ በበቅሎና በእግር እየዞረም የዓባይንና የጣናን ዳር ሲለካ ከረመ፣ በኋላም መጽሐፍ ጻፈበት። አንዱ እንግዳ በአዲስ አበባ ምት ሲያስቆጥር ሌላው በጎጃም ወንዝ ሲለካ ማለት ነው። ለእንግሊዞች የሁለተኛው ሥራ ጠቅሟቸው ይሆናል፤ ለእኛ የፊተኛው ይበልጥብናል።

ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛም፣ ጦር ሠራዊትም፣ ፖሊስም የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቆሙ፤ ድራም ከሰልፍ ጎዳና ወጥቶ ወደ መድረክ የወጣው በእነዚህ ቤት ነው። በሰልፍ ጊዜ አንዱ ትልቁን፣ ሌላው ትንሹን፣ ሦስተኛው ሲምባሉን ይዞ በእግሩ ይሄድ ነበር። በመድረክ ግን ሦስቱ ሥራ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ፤ እግሩ ቤዝ ድራሙን ይረግጣል፣ ግራ እጁ ስኔሩን ይመታል፣ ቀኝ እጁ ሃይ ሃቱን ይነካል። ደመወዙ በሦስት ተባዝቷል የሚል ግን አልሰማንም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የነገሥታት ጸሐፊ ታሪኩን ከዙፋን እንደሚጀምር እኛም የተማረን ነገር ከድራሙ ወንበር እንጀምራለን። በፈረንጆች 1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዋልያስ የሚባል ባንድ ተነሣ። በዚያ ዘመን በልማዱ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛው እጁን ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቱ ሲከፋው እጁን ይዞ ይሄዳል። ዋልያሶች ግን ይህን ቀንበር ጠሉ፤ የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው በራሳቸው ስም ተዋዋሉ። ለጊታር ተጫዋች ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ጊታሩን በትከሻው አንጠልጥሎ ይሄዳል። ለድራመር ግን የራሴ ነው የሚለው ድራም ማግኘት ርስት እንደ መትከል ነው።

የባንዱም ሰዎች እነዚህ ናቸው፤ በድራም ተማረ ሐረጉ፣ በቤዝ ጊታር መላከ ገብሬ፣ በኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ በጊታር ማሕሙድ አማን፣ በሳክስፎንና በዋሽንት ሞገስ ሀብቴ፣ በትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፤ በፒያኖና በቅንብር ደግሞ ግርማ በየነ። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ኃይሉን ያስቀድም ነበር።

በሂልተን ሆቴልም መድረክ ያዙ፤ ለዓመታትም አለቀቁትም። ከዚያም 1967 ዓ.ም. መጣ፣ ዙፋኑ ወደቀ፣ ደርግ ተተካ፣ ሰዓት እላፊም ታወጀ። ስለዚያ ዘመን ደም የሚጽፉ አሉ፤ እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር። እኛ ስለ ሌሊቱ እንጽፋለን። ሰዓት እላፊ ሲደርስ የክበቡ በር ይቆለፋል፤ ውስጥ የቀረ ሰው እስኪነጋ መውጫ የለውም። ሕዝቡ ካልተኛ ባንዱ አይተኛም፤ ባንዱ ካልተኛ ድራመሩ ከሁሉ በኋላ ነው የሚያርፈው። ድምፃዊ አንድ ዘፈን ዘፍኖ ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከወዳጅ ጋር ያወጋል። ነፊው በመሐል አፉን ያሳርፋል። ድራመር እጁን ቢያነሣ ግን ዳንኪራው ይቆማል። በውጭ ወታደር በጎዳናው ሲዞር፣ በውስጥ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን በምት እየቈረሰ ወደ ንጋት ያሻግረው ነበር። ማን ይበልጥ ዘብ እንደ ቆመ አንባቢ ይፍረድ።

የሥራውንም ምሥጢር በጥቂቱ እንንገር፤ የማያውቁት ድራም መደብደብ ይመስላቸዋልና። ችክችካ የሚባለው ምታችን ስድስት ነው። በስድስቱ ውስጥ ሁለትም ሦስትም ተደብቀዋል፤ እግር ሁለቱን ሲረግጥ እጅ ሦስቱን ይከፍላል፣ ሁለቱም በአንድ ሰው አካል ሳይጣሉ ይኖራሉ። ትከሻ ወራጅ እስክስታ የሚወርደው በዚህ መካከል ባለው ክፍተት ነው። በፈረንጅ ትምህርት ቤት ብቻ የተማረ ድራመር ስድስቱን በትክክል ይቆጥራል፣ ግን ትከሻ አያስነሣም። የጎጃም ባላገር ቆጠራውን አያውቅም፣ ግን በጭብጨባው አይስትም። ተማረና የዘመኑ ጓዶቹ ሁለቱን አስታረቁ፤ አንዱን ምሽት በፈንክ ጀምረው በችክችካ የሚጨርሱ እነርሱ ነበሩ።

በዚያም ወራት ግጥም ሳንሱር ነበረው። ቃል ያለው ሁሉ ይመረመራል፣ ይሰረዛል። ዘፈን የሌለበትን፣ ሕዝቡ «ክላሲካል» የሚለውን ሙዚቃ ግን ሳንሱር ምኑን ይሰርዘው? የድራም ምት ፀረ አብዮት መሆኑን የሚያረጋግጥ ካድሬ አልተገኘም። ዋልያሶችም በዚህ መንገድ ሄዱ። በ1975 በፈረንጆች «ትዝታ» የሚለውን ካሴት አወጡ፤ በ1977 ደግሞ ዓሊ አብደላ፣ ዓሊ ታንጎ የሚባለው፣ በካይፋ ሪከርድስ «ቸ በለው»ን በሸክላ አሳተመላቸው።

በዚህ ላይ እንቆይ፣ ድል ነውና። «ቸ በለው» ፈረስን የሚያስጋልብ ቃል ነው፤ ለእኛ ለአገው ፈረሰኞች አገር ማስረዳት አያሻም። ሙላቱ አስታጥቄም መጥቶ ቫይብራፎን ተጫወተበት፤ ሙላቱ የጅማ ተወላጅ ነው፣ በእንግሊዝ ተምሮ በቦስተኑ የበርክሊ ኮሌጅም የተቀመጠ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲጫወት ከሥሩ ያለው ምት ቢናወጥ ማፈሪያ ይሆን ነበር። አልተናወጠም። በሸክላው ውስጥ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» አለ። ኦርጋኑ ይመላለሳል፣ ነፊዎቹ በአንድ አፍ ይገባሉ፣ ዜማውም ይዞ የሚሄድ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓለም አመስግኗል። ነገር ግን ጆሮህን ዝቅ አድርገህ ከታች ያለውን ስማ። ተማረ አይጣደፍም። ጉልበቴን እዩልኝ አይልም። ነፊዎቹ ሲነሡ ቦታ ይለቅላቸዋል፣ ሲያርፉ ክፍተቱን ሞልቶ ይጠብቃቸዋል፤ ከቤዝ ጊታሩ ከመላከ ጋር እንደ ጥማድ በሬ በአንድ ቀንበር ይሄዳሉ። ብዙ ድራመር በዚያ ዕድሜ ይህን ትዕግሥት አላገኘም፤ አንዳንዶቹ በዚህም ዕድሜ አላገኙትም፣ ስማቸውን ግን አንጽፍም።

በ1981 በፈረንጆች ዋልያሶች ከድምፃዊው ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ከዘመናውያን ባንዶች ይህን ጉዞ የጀመሩት እነርሱ ናቸው። ሰሚያቸውም በስደት ያለ ወገን ነበር፤ ብዙው አገሩን በቅርብ የለቀቀ ነውና ችክችካ ሲሰማ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉና ሞገስ፣ መላከና ግርማ በዚያው ቀሩ።

ተማረ ግን ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ትራምፔት ነፊው ዮሐንስ ተኮላም ተመለሰ፤ የዋልያስንም ስም እንደገና አቆሙ። ግማሽ ባንድ ይዞ ባንድ ማቆም ምን እንደሚጠይቅ ሙዚቀኛ ያውቃል። ኦርጋን ተጫዋች ቢሄድ ሌላ ይተካል፣ ሰው አይቀይመውም፤ ምቱ ከሄደ ግን ስሙ ብቻውን አይቆምም። ስሙ ቆመ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ባጭሩ ይነገራሉ። ሸክላ ቀረ፣ ካሴት በዛ፣ ትልልቅ ባንድ መያዝ ከበደ። በፈረንጆች 1985 በዋሽንግተን ኃይሉ መርጊያ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ አኮርዲዮኑ ደስ ይላል፣ በድራመር ወንበር የተቀመጠው ግን ሰው ሳይሆን ማሽን ነበር። በአገራችንም በሠርግ ድንኳን አንድ ልጅ ኦርጋን ይዞ ይመጣል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ችክችካው ሳይደክም እስከ ሌሊቱ ይሄዳል። አይደክምም እንጂ ሙሽራው ለጭፈራ ሲነሣ አያየውም፣ ሽማግሌው ሲደክም አይቀንስለትም። በዳንግላ ሠርግ እናቶች ከበሮ ይዘው ሲነሡ ኦርጋኑ የሚጠፋው ስለዚህ ይመስለናል፤ ያን ጊዜ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ይሞላል።

እግዚአብሔር የረሳው የለም። የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክ» ተከታታይ አልበም «ሙዚቃዊ ስልት»ን እንደገና ለዓለም አሰማ። በፈረንጆች 1998 ደግሞ በኒው ዮርክ ብሩክሊን ዳክታሪስ የሚባሉ ልጆች ናይጄሪያዊ ነን ብለው ሸክላ ሲያወጡ የእኛን «ሙዚቃዊ ስልት» ጨምረው ቀረጹ። ሐሰተኛ ናይጄሪያዊ እውነተኛ ኢትዮጵያዊ ዜማ ሲሻ፣ የሰረቀውን እንኳ ሳይሸሽግ ስሙን መጻፉ ያስመሰግነዋል። በ2014 «ቸ በለው» ራሱ በአሜሪካ እንደገና ታተመ፣ «ትዝታ»ም በ2021 ተከተለው፤ በአዲስ አበባ ሌሊት የተመታው ምት በበርሊንና በቶኪዮ ሸክላ ቤት ተሰለፈ።

ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን አውሮፕላን ጣቢያ ታክሲ ሲነዳ ከኖረ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። በፈረንጆች 2018 «ላላ በሉ»ን ሲቀርጽ በድራም ቶኒ ባክ የሚባለውን አውስትራሊያዊ አስቀመጠ፣ በ2020 በ«የኔ ምርጫ» ደግሞ ኬኔት ጆሴፍን። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሰው ወደ ወንበሩ ተመለሰ ማለት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ሦስት ሆነው ሲወጡ፣ ኦርጋንና ቤዝ ከፊት፣ ድራም ከኋላ፣ ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል። የ1985ቱን ማሽን ወደ መድረኩ የጠራው የለም፤ እኛም አንጠራውም።