ማክሰኞና ቅዳሜ

በአንድ ወር ልብ ወለድ ጽፎ የመጨረሱ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ በ21 ሰዎች ተጀምሮ ብዙ አገር አዳርሷል። 30 ቀን፣ 50,000 ቃል! የሞከረው ሁሉ እንደሚያውቀው ወኔ እንደ ጭድ እሳት ቦግ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ድርግም ይላል። ታዲያ ብዕር ከእጅ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? መልሱን ከገዛ ታሪካችን እንፈልግ።

አቡ ሩሚ የጎጃም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደራችን ለገባው ለጄምስ ብሩስ አስተርጓሚ ነበር ይባላል። በስተርጅናው ካይሮ ሳለ፣ ከፈረንሳዩ ምክትል ቆንስል ከአሰሊን ደ ሸርቪል ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ይመልስ ጀመር። ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በሩ ለእንግዳ ተዘግቶ ይሠሩ ነበር። ዓረብኛውን ቀስ ብለው ያነቡታል፤ የከበደውን ቃል ከዕብራይስጡና ከሱርስቱ ያመሳክሩታል፤ አቡ ሩሚ ይጽፋል። ሥራው ሲያልቅ 9,539 ገጽ ሆነ። እስቲ እናስላው፦ በአንድ የሥራ ቀን ዘጠኝ ገጽ ገደማ ነው። ተአምር የለበትም፤ ቀጠሮ ማክበር ነው።

አቡ ሩሚ እዚያው ካይሮ በቸነፈር ሞተ። ጽሑፉን የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1820 ገዛው፤ ሙሉው መጽሐፍ የታተመው በ1840 ነው። ሰውየው አንዲት የታተመ ገጽ እንኳ አላየም። እንግዲህ ያጸናው ጭብጨባ አልነበረም።

እኛም ወኔ እስኪመጣ አንጠብቅ። ቀኑን እንቁረጥ፣ በሩን እንዝጋ፣ የዕለቱን ገጽ ሳንጨርስ አንነሳ። ወሩ ቢያልቅና ልብ ወለዱ ባያልቅስ? የሚቀጥለው ማክሰኞ አለ።