ራምቦ ከሐረር የጻፋቸው ደብዳቤዎች፦ የከፋው ልብና የታመመው ጉልበት

ከሸዋ በር ገብተው ጁገልን የጎበኙ ሁሉ «ራምቦ ቤት»ን ያውቁታል። ዛሬ ስለ ባለ ስሙ ጤና እናውራ።

ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ገና በወጣትነቱ ግጥም ትቶ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ በነጋዴነት ሐረር መጣ። እስከ 1891 ድረስ ሦስት ጊዜ ኖሮባታል። ለቤተሰቡ በሚልከው ደብዳቤ ስለ ገበያ እየጻፈ መሃል ላይ ስለ ራሱ ያወራል። በ1883 አለማግባቱ እንደሚቆጨው፣ ወንድ ልጅ ወልዶ መሐንዲስ አድርጎ ማሳደግ እንደሚመኝ ጻፈ። በ1888 ደግሞ ብቸኝነቱና መሰላቸቱ ጠንቶበት ነበር።

ከእርሱ 300 ዓመት በፊት የኖረው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ደ ሞንቴኝም የልብ ወዳጁን በሞት ካጣ በኋላ ከሰው ርቆ ተቀመጠ፤ ለመጻፍ ያነሳሳው በዚያ ብቸኝነት የመጣበት ትካዜ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ራስን መመርመርና መጻፍ ልብን ያቀላል። ያንኑ የከፋ ሐሳብ ለብቻ ማመላለስ ግን ድባቴን ያባብሳል።

ራምቦ ድባቴ ነበረበት ብዬ በደብዳቤው ብቻ ልመረምረው አልችልም። ጉልበቱን ግን እናውቃለን። በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ ሲያብጥ የደም ሥር እብጠት መስሎት እናቱን የእግር ማጥበቂያ ካልሲ እንድትልክለት ጠየቀ። አልጋ ላይ ሆኖም ሥራውን ቀጠለ። ሚያዝያ ላይ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ ወሰዱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ ካንሰር ነበር። ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ አረፈ።

በዚያ ዘመን ቀድሞ ቢታከም ይድን ነበር ማለት አይቻልም። ዛሬ ግን ቀድሞ መምጣት ብዙ ይለውጣል፦

✅ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም የሚወዱትን ነገር መጥላት አብዛኛውን ቀን እየተሰማዎት 2 ሳምንት ካለፈ ጤና ባለሙያ ያማክሩ።
✅ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይምጡ፤ ሰውየውንም ብቻውን አይተዉት።
✅ በልጅም ሆነ በአዋቂ፣ እጅ ወይም እግር ላይ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ወጌሻ ጋ ለመታሸት ሳይሄዱ ይመርመሩ።

ራምቦ የከፋውን የጻፈው ባሕር ማዶ ላሉት ነበር። የእርስዎ ልጅ፣ ባል፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ግን አጠገብዎ ናቸው። ዛሬ «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

ለሚጠቅመው ሰው ያጋሩ 🙏