ከጭሱ የተነጠቀ ጉልበት

አሜሪካ ገጠር ውስጥ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ያለው ሰው ጓሮው ባለች ጋራዥ አንድ ሞተር ላይ ሁለት ቱርቦ ልግጠም ብሎ ሲነሳ ጎረቤቱ እብደት ይመስለዋል። መኪናዋ የውድድር አይደለችም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ታደርሰዋለች፣ ቅዳሜ የከብት ተጎታች ትስባለች። ታዲያ ደህና የሚሠራ ሞተር ፈትቶ ቧንቧ መበየድ ምን የሚሉት ነገር ነው? ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ሰውየው የቱ ጋ ትክክል እንደሆነና የቱ ጋ ዋጋ እንደሚከፍል የሚገባን ታሪኩን ስናይ ነው።

መነሻው አልፍሬድ ቡሂ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሙቀት ሲሶ የሚሆነው በጭስ ማውጫው በኩል ይባክናል። ቡሂ ይህን ብክነት መልሶ ለመጠቀም ያሰበውን እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ መብት አስመዘገበ። የሚወጣው ጭስ ተርባይን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለው ጎማ ደግሞ ንጹህ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። አየር ከበዛ ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል። ሐሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ በብረት ሠርቶ ማቆሙ ግን ሃያ ዓመት ፈጀ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሁለት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች በቡሂ ዘዴ ሲሠሩ የሞተራቸው ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ።

ከዚያ በፊት ግን የአውሮፕላን ሰዎች ደርሰውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና ጭኖ ኮሎራዶ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ላይ አወጣው። ሜዳ ላይ 350 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የጅቡቲ ወደብን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ መኪና ዳገቱን ሲወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያቃስተው አየር አጥሮት ነው።

ሁለት ጊዜ ማመቅም ከዚያው ከሰማይ የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፒ-38 እና ፒ-47 የተባሉት የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖች አየሩን መጀመሪያ በቱርቦ አምቀው፣ አቀዝቅዘው፣ ከዚያ ሞተሩ ራሱ በጥርስ በሚያዞረው ሌላ መጭመቂያ ደግመው ያምቁት ነበር። የጋራዡ ሰው «ሁለት ቱርቦ» ሲል የሚያስበው ይህንኑ ነው። አየሩ መጀመሪያ በትልቁ ያልፋል፣ ከዚያ ትንሹ ደግሞ ያምቀዋል። ጭሱ በተቃራኒው ከትንሹ ተነስቶ ወደ ትልቁ ይሄዳል። ትንሹ ፈጥኖ ስለሚነቃ መኪናዋ ከመብራት ስትነሳ አትደነዝዝም፤ ትልቁ ደግሞ ጭነት ሲከብድ ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ስሌቱን ነው። የሁለቱ ግፊት አይደመርም፣ ይባዛል። አንዱ የአየሩን ግፊት ሁለት እጥፍ፣ ሌላው ሁለት ተኩል እጥፍ ካደረገው ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አምስት እጥፍ ነው።

ጉልበት ማግኘት ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ከሚንስ ኩባንያ ቱርቦ የተገጠመለት 6.6 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይዞ ኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ገባ። ሾፌሩ ፍሬድ አጋባሺያን በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጀመሪያውን መነሻ ቦታ ያዘ። ቤንዚነኞቹ ሁሉ ከናፍጣ ኋላ ተሰለፉ! ከ200 ዙር ግን ሰባ አንደኛው ላይ አቆመ። ሞተሩ አልፈነዳም፣ ዘንግ አልተሰበረም። የአየር መግቢያው ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ከመንገዱ የተነሳ የጎማ ብናኝ ቱርቦውን ደፈነው።

ያው ኩባንያ የሠራው 5.9 ሊትር ሞተር እ.ኤ.አ. ለ1989 ሞዴል በዶጅ ፒካፕ ላይ ተገጠመ። 160 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ነገር ግን ለእርሻና ለከባድ ሥራ ማሽን የታሰበ ወፍራም ብረት ስለነበር ከተጻፈለት በላይ ብዙ ይችል ነበር። ፖምፓው ኮምፒውተር አያውቅም፤ በመፍቻና በእጅ ይስተካከላል። ሰዎች መጀመሪያ ናፍጣ ጨመሩ፣ መኪናው ጠቆረ። ከዚያ አየር ፈለጉ፣ ወደ ሁለት ቱርቦ ሄዱ።

ዕቅዱ የሚበላሸው እዚህ ነው። ገንዘቡና ልቡ ቱርቦዎቹ ላይ ያልቃል። አምስት እጥፍ ግፊት ግን ቴስታታውን ወደ ላይ ይገፋል፤ የፋብሪካው ቡሎን ከተለጠጠ ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ይቃጠላል። የጭሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከቆየ የአሉሚኒየሙ ፒስተን አደጋ ላይ ነው። ከቱርቦው ዘይት የሚመልሰው ቧንቧ ወደ ታች ካላዘቀዘቀ ዘይቱ ተከማችቶ ወደ አየር መስመሩ ያልፋል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ የራሱን ዘይት ማቃጠል ከጀመረ ቁልፍ ማጥፋት አያቆመውም። የውድድር መኪና ላይ ይህ የአንድ ቀን ሽንፈት ነው። ሌላ መኪና ለሌለው ሰው ግን ሰኞ ከሥራ መቅረት ነው።

ሌላም ባለ ዕዳ አለ፦ ጎረቤቱ። የሁለት ቱርቦ ሰዎች «እኛ ጭስ አናጨስም» ሲሉ ግማሽ እውነት አላቸው፤ አየር ሲበዛ ጥቀርሻው ይቀንሳል። የማይታየው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ከሙቀትና ከግፊት የሚወለድ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒካፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው እንደተነቀለ ወይም እንደተነካካ ገምቷል። ከዚህ የሚወጣው ተጨማሪ ናይትሮጅን ኦክሳይድ በመኪኖቹ ዕድሜ 570,000 ቶን እንደሚደርስ አስልቷል። ሁለት ቱርቦ መግጠምና ማጣሪያ መንቀል አንድ ነገር አይደሉም። ጋራዡ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ አሳዛኙም ይህ ነው፣ ያን ሁሉ ብልሃት ሕግ መጣስ ያስመስለዋል።

ፋብሪካዎቹም ያንኑ መንገድ ሞክረውታል። ፎርድ እ.ኤ.አ. ለ2008 ሞዴል በ6.4 ሊትር ናፍጣው ላይ ትንሽና ትልቅ ቱርቦ በተከታታይ ገጥሞ፣ ከኋላው የጥቀርሻ ማጣሪያ አድርጎ በዋስትና ሸጠ። ሞተሩ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ለ2011 ሞዴል አንድ ቱርቦ ባለው ሌላ ሞተር ተተካ።