ቅሬው የሚደርሰው ለቀብር ብቻ ነው? ሱስና የጎረቤት እገዛ ታሪክ



"ዶክተር፣ ልጄን አረቄ የሚያስተወው መርፌ የለም?" ከሲሪንቃም ከመርሳም የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። የሚረዳ መድኃኒት አለ። ብቻውን ግን አይበቃም። ለምን እንደሆነ ዛሬ በታሪክ ላስረዳችሁ።

ድሮ ጠጪ ሰው ቤቱን ሲያፈርስ ጉዳዩ ለሚስቱ ብቻ አይተውም ነበር። ሽማግሌ ይገባል፤ ክርስቲያኑን የንስሐ አባቱ ይገዝቱታል፣ ጸበል ይወስዱታል፤ ሙስሊሙን ሼሁ ይመክሩታል፣ ዱአ ይደረግለታል። በሰው ፊት የተገባ ቃል ጉልበት ነበረው። የጎደለው የሰውነት ነገር ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥና ማላብ ይጀምረዋል፤ በ2 ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ከዚያም ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ይህን "ጋኔን ነው" ብሎ ማሰር ብዙ ሰው ጎድቷል።

ሕክምናው የመጣው ከሩቅ ነው። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከሲሪንቃ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንቱ ገበሬ ልጁን ይዞ ይሄዳል? በ1979 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀመር ነው አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር የወጣው። ዛሬ ወልድያ ሆስፒታል ይገኛል።

ሆስፒታል ግን ሰውዬውን መልሶ የሚልከው ወደዚያው ሰፈር ነው። ያው አረቄ ቤት፣ ያው በርጫ፣ ያው ጓደኛ። በሀብሩ ደግሞ ጫቱ ሱስ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤት እንጀራም ነው፤ ስለዚህ "ጫት ይጥፋ" እያሉ መስበክ ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም። የታመመውን ማስታመም ይቀድማል።

ይህን ከዚህ በፊት አድርገነዋል። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን እድሮች በየሳምንቱ መቅበር ሰለቻቸው፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙዎቹ ሰው ከሞተ በኋላ ከመርዳት በሕይወት ሳለ ወደ ማስታመም ዞሩ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ሰው ሳያፍር እንዲወስድ ያገዘው ይህ የጎረቤት ድጋፍም ጭምር ነው።

ለመጠጥም የሚመስል ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዛግሬብ ከተማ ሁዶሊን የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች ተመልሰው ሲጠጡ ቢያይ ከነቤተሰባቸው በየሳምንቱ የሚሰባሰቡበትን ማኅበር መሠረተ። ጠጪው ብቻውን አይመጣም፤ ሚስትም ልጅም ይመጣሉ። ሐሳቡ በኋላ ጣሊያን ገብቶ በሰፊው ተስፋፋ። እኔ ሳነበው ትዝ ያለኝ የኛው ቅሬ ነው! ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት፣ ዳኛውም ሣጥኑም ያለ ማኅበር እያለን አዲስ ነገር ከየት እናመጣለን?

ቅሬው ለቀጠሮ ቀን አብሮት የሚሄድ ሰው ቢመድብ፣ ለመጓጓዣ ከሣጥኑ ቢያበድር፣ ሠርግና ተዝካር ላይ "አንድ ብቻ ቅመስ" ማለትን ቢያስቀር ትልቅ ሕክምና ነው። ለባለ ሱቆችም፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል መሆኑን ያስታውስ። ግን እባካችሁ፣ ሰውዬው ሳይፈቅድ ስሙን በስብሰባ አታንሡ። ተመልሶ ቢጠጣም አትቅጡት፤ ማገርሸት በዚህ በሽታ የተለመደ ነው፣ እንደገና ወደ ሕክምና ይመለስ።

ወላጆች፣ በየቀኑ የሚጠጣ ልጃችሁን ቤት ቆልፋችሁ በድንገት አታስቁሙት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጸበሉም ዱአውም ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳሉ። ጫት ሲቆም ድካም፣ እንቅልፍና ድብርት ይኖራል፤ ራሱን ስለ ማጥፋት ካወራ ግን ብቻውን አትተዉት። መጠጥ ካቆመ በኋላ ከተንቀጠቀጠ፣ ከወደቀ፣ የሌለ ነገር ካየ ወይም ከቃዠ ሌሊትም ቢሆን ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል አምጡት።