በአውቶኖሚክ ነርቭ ሥርዓት መድኃኒቶች የሚታከሙ ሕሙማን የነርሲንግ ክብካቤ

አውቶኖሚክ ነርቭ ሥርዓት ሰው ሳያዝዘው የሚሠራ የነርቭ ክፍል ነው። የልብን ምት፣ የደም ሥሮችን ጥበትና ስፋት፣ የአየር ቧንቧን፣ አንጀትን፣ ፊኛን፣ የላብና የምራቅ ዕጢዎችን እንዲሁም የዓይን ብሌንን ይቆጣጠራል። በእሱ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች ከነርስ የተለየ ንቃት ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱም በታሰበላቸው አካል ላይ ብቻ አይቆሙም። ለአስም የተሰጠው ልብን ያፈጥናል፤ ለዓይን የተጨመረው ጠብታ ሳንባ ድረስ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ የብዙዎቹ መጠን ሐኪሙ ካርዱ ላይ በጻፈው ቁጥር አያልቅም። ይጨመር ወይስ ይቀነስ፣ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው የሚወሰነው አልጋው አጠገብ ያለ ነርስ በሚቆጥረው ምት፣ በሚያዳምጠው ደረትና በሚዳስሰው ቆዳ ነው።

ሥርዓቱ ሁለት ክንፍ አለው። ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሰውነትን ለአደጋና ለሥራ ያነሣሣል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የቆዳና የሆድ ዕቃ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የአየር ቧንቧ ይከፈታል፣ ብሌን ይሰፋል። ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው በዕረፍት ጊዜ ያይላል፤ ልብ ይረጋል፣ ምራቅ ይመነጫል፣ አንጀት ይንቀሳቀሳል፣ ፊኛ ይኮማተራል፣ ብሌን ይጠባል። ነርቭ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በኬሚካል መሆኑን ኦቶ ሎዊ በ1921 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ልብ አሳየ። የአንዱን ልብ ቬገስ ነርቭ አነቃቅቶ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ሲያዛውር ሁለተኛውም ዘገየ። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን ነበር፤ ሎዊና ሄንሪ ዴል በ1936 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በሲምፓቴቲኩ በኩል ዋናዎቹ መልእክተኞች ኖርአድሬናሊንና አድሬናሊን ናቸው። ሬይመንድ አልኲስት በ1948 የእነዚህን ተቀባዮች አልፋና ቤታ ብሎ ለሁለት ከፈለ። ለነርስ ሥራ በዋናነት የሚጠቅመው አከፋፈል ይኸው ነው፦ አልፋ 1 ደም ሥርን ያጠባል፣ ቤታ 1 ልብን ያፈጥናል፣ ቤታ 2 የአየር ቧንቧን ይከፍታል።

ማናቸውም መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የታካሚው መነሻ ሁኔታ ይመዘገባል። የልብ ምት ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ዝብርቅርቅ ምትን ይደብቃል። የደም ግፊት በጀርባ ተኝተው ከቆዩ በኋላ፣ ከዚያም ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለካል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ታካሚው ሲነሣ የመውደቅ አደጋ አለበት። አስም፣ ግላኮማ፣ የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት፣ የስኳር ሕመምና እርግዝና መኖራቸው ይጠየቃል። በኢትዮጵያ፣ በየመንና በምሥራቅ አፍሪካ ሌሎች አካባቢዎች፣ ከዚያም በወጡ ማኅበረሰቦች ዘንድ ጫትም አብሮ መጠየቅ አለበት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ማታ ሲለካ ግፊቱና ምቱ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ያ ቁጥር ጫቱ ሳይታወቅ ከተመዘገበ መድኃኒት ያስጨምራል። ጥያቄው ያለ ተግሣጽ ቢቀርብ ታካሚው እውነቱን ይናገራል፤ የቃመበት ሰዓትም ቻርቱ ላይ ይጻፋል።

ሲምፓቴቲኩን ከሚያነቃቁት መካከል አድሬናሊን ግንባር ቀደም ነው። በድንገተኛ ከባድ አለርጂ ጊዜ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የ1፡1000 አምፑል ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ በጭን የውጭ ጎን መካከለኛ ክፍል ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፤ ለውጥ ከሌለ በ5 ደቂቃ ይደገማል። ልብ ቆሞ ከሆነ ግን 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሰጣል። አደጋው ያለው በእነዚህ ሁለት አሰጣጦች መካከል ነው። በጡንቻ ሊሰጥ የሚገባው መጠን ልቡ በሚመታ ሰው ደም ሥር በፍጥነት ከገባ ግፊቱን አንሮ ምቱን አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መጠኑና መንገዱ ጮክ ተብሎ ይደገማል፣ ሁለተኛ ነርስ አምፑሉን ያያል።

ኖርአድሬናሊን በተለይ በኢንፌክሽን ምክንያት በወደቀ የደም ግፊት ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው አማካይ ግፊት 65 ነው። ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ደም ሥሮችን አጥብቆ ሥጋውን ያሞታል። በእጅ ጀርባ ባለ ቀጭን ደም ሥር መስጠት ስለማይመከር ማዕከላዊ መስመር ከሌለ በክርን ወይም ከክርን በላይ ያለ ትልቅ ደም ሥር ይመረጣል፤ ቦታውም ዘወትር ይታያል። ቆዳው ነጥቶ ከቀዘቀዘ ወይም ታካሚው ካመመው መፍሰሱ ወዲያው ይቆማል፤ ግፊቱ እንዳይወርድ መድኃኒቱ በሌላ ደም ሥር ይቀጥላል። ካኑላው ሳይነቀል የፈሰሰው በሲሪንጅ ይሳባል፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ፌንቶላሚን በ10 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ተበጥብጦ በቀጭን መርፌ በነጣው ቆዳ ዙሪያ ይወጋል።

ሳልቡታሞል በቤታ 2 ላይ ያተኩራል፤ ተደጋግሞ ሲሰጥ ግን እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያፈጥናል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል። ብዙ ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ጉሮሮው ላይ ነው የሚያስቀረው። ለዚህ የሚረዳውን ስፔሰር መግዣ በሌለበት ከፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሠራው መድኃኒቱን ወደ ሳንባ በማድረስ ረገድ በሚገባ ያገለግላል፤ አሠራሩን ለታካሚው ማሳየት የነርሱ ድርሻ ነው።

ቤታን የሚያግዱት፣ እንደ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉት፣ ከግፊትና ከልብ ሕመም ሌላ ለታይሮይድ መብዛት ይሰጣሉ። ፕሮፕራኖሎል በቢልሃርዝያ ጉበታቸው ተጎድቶ የጉሮሮ ቧንቧ ደም ሥራቸው ያበጠ ሰዎች ደም እንዳይተፉም ይረዳል። ከእያንዳንዱ መጠን በፊት ምትና ግፊት ይለካሉ። ምቱ ከ60 በታች ከሆነ ወይም የላይኛው ግፊት ከ100 ካነሰ ክኒኑ ሳይሰጥ ሐኪም ይጠየቃል። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀው የልብ መፍጠንና መንቀጥቀጥ በእነዚህ መድኃኒቶች ይደበቃል፤ ላብ ግን አይደበቅም። ስለዚህ ድንገት ያላበው ሰው ደኅና ነኝ ቢልም ስኳሩ ይለካል። አስም ላለበት ፕሮፕራኖሎል አይሰጥም።

አልፋ 1ን የሚያግዱት፣ ፕራዞሲንና ታምሱሎሲን፣ በመጀመሪያው መጠን ሰውን ሊጥሉ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ክኒን ማታ ሲተኙ ይወሰዳል፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ሰውም እግሩን አውርዶ ጥቂት ተቀምጦ ነው የሚቆመው። ሜቲልዶፓ በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ ግፊት የቆየ መድኃኒት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ያበዛል። ድባቴን ሊያባብስ ስለሚችል እናቲቱ ከወለደች በኋላ ብዙውን ጊዜ በሌላ ይተካል።

ፓራሲምፓቴቲኩን ከሚያነቃቁት ፓይሪዶስቲግሚን ማያስቴኒያ ግራቪስ ለሚባለው የጡንቻ መዛል ይሰጣል። ማኘክና መዋጥ እንዲቻል ምግብ ከመቅረቡ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰዳል፤ በዋርድ ውስጥ ሰዓቱ በጥቂቱ እንኳ ቢዘገይ ታካሚው ሊታነቅ ይችላል። ኒዮስቲግሚን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጡንቻን የሚያዝለውን መድኃኒት ለመቀልበስ ሲሰጥ ልብን እንዳያዘገይ ከአትሮፒን ጋር ይጣመራል።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የእነዚህ መድኃኒቶች ክብካቤ እጅግ ከባድ ሆኖ የሚታየው በኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ ለተመረዘ ሰው አትሮፒን ሲሰጥ ነው። ማላታዮንን የመሰሉት እነዚህ መርዞች አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ያስራሉ። ታካሚው በምራቅ፣ በእንባ፣ በላብና በተቅማጥ ይጥለቀለቃል፤ ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፤ ልቡ ይዘገያል፤ ሳንባው በራሱ ፈሳሽ ይሞላል። የሚገድለውም በአመዛኙ የትንፋሽ መቆም ነው። መርዙ በቆዳ ስለሚገባ ጓንትና ሽርጥ ተደርጎ ልብሱ ይወልቃል፣ ገላው በውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ መስኮት ይከፈታል። ይህ ሁሉ ግን ኦክስጅንንና አትሮፒንን ማዘግየት የለበትም።

አትሮፒን 2 ሚሊ ግራም በደም ሥር ተሰጥቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ታካሚው ይታያል፤ መሻሻል ከሌለ መጠኑ በእጥፍ ይጨመራል። 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ ሲሄድ ከሩብ ሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ግራም ተሰጥቷል። አምፑሉ አንድ ሚሊ ግራም ብቻ የሚይዝ ከሆነ 30 አምፑል መሰበር አለበት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ነርስ አምፑል እየሰበረ ሲቀዳ ሌላው ከደረት ማዳመጫ አይለይም፤ ድንገተኛ ክፍሉም በየፈረቃው የቀረውን አምፑል መቁጠሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። የሚፈለገው ውጤት ግልጽ ነው፦ ደረቱ በሁለቱም ወገን ጠርቶ ይሰማል፣ ምቱ ከ80 በላይ ይሆናል፣ የላይኛው ግፊት ከ80 ያልፋል፣ ብብቱ ይደርቃል። ብሌን ዘግይቶ ስለሚሰፋ እሱ ብቻ አይጠበቅም። የልብ መፍጠንም አትሮፒን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ሳንባው ገና እርጥብ ሆኖ ምቱ 120 ስለሆነ ብቻ መድኃኒቱን ማቆም ታካሚውን አሳልፎ መስጠት ነው። በአንድ ቦታ ብቻ፣ በተለይ በቀኝ ታችኛው ሳንባ የሚሰማ ጩኸት ግን የተታነቀው ትውከት ሊሆን ስለሚችል በአትሮፒን አይባረርም።

ደረቱ ከጠራ በኋላ ከጠቅላላው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶው በየሰዓቱ በጠብታ ይቀጥላል፤ በምሳሌው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከዚህ በኋላ ፍርሃቱ ሁለት ወገን አለው። ሲያንስ ብብት ዳግም ይረጥባል፣ ደረት ይጮኻል። ሲበዛ ቆዳው ደርቆ ይግላል፣ አንጀት ዝም ይላል፣ ሽንት ይታገዳል፣ ታካሚው አየሩን እየጨበጠ ይለፈልፋል። ብሌን፣ ብብት፣ ደረት፣ አንጀት፣ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀትና የአእምሮ ሁኔታ በአንድ ወረቀት ላይ መጀመሪያ በየ15 ደቂቃው ይመዘገባሉ። መብዛቱ ከታወቀ ጠብታው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆምና በ20 በመቶ ተቀንሶ ይጀመራል። ታካሚውን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ ለታገደ ሽንት ካቴተር ማስገባት፣ ለመንቀጥቀጥና ለከፋ ሁከት ዲያዜፓም መስጠት የክብካቤው አካል ነው። በአስተናግር ፍሬ የተመረዘ ሰውም እንዲሁ ደርቆና ግሎ፣ ብሌኑ ሰፍቶ፣ እየቃዠ ይመጣል፤ ተክሉ ራሱ አትሮፒንን ይዟልና።

ከአንድ ቀን እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ፣ ሁሉም ነገር የተሻለ ሲመስል፣ የአንገትና የትንፋሽ ጡንቻዎች ድንገት ሊዝሉ ይችላሉ። ቀላሉ መፈተሻ በየፈረቃው ታካሚው ራሱን ከትራስ ቀና እንዲያደርግ መጠየቅ ነው። ቀና ማድረግ ካቃተው የትንፋሽ ማገዣ ያስፈልገዋል፤ ሐኪም ወዲያው ይጠራል። መርዙን ሆን ብሎ የወሰደ ሰው ደግሞ ደረቱ ሲጠራ ሕክምናው አላለቀም። ብቻውን አይተውም፣ በነርሶቹም በአስታማሚዎቹም ፊት አይወቀስም፣ ከመውጣቱ በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያየዋል፤ ቤተሰቡም በቤት የቀረውን ፀረ ተባይ ከእጁ እንዲያርቅ ይነገረዋል።

ከአትሮፒን ቤተሰብ ሂዮሲን ለሆድ ቁርጠት በሰፊው ይሰጣል፤ በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የሚያስቸግረውን ሰው ፊኛ ፈጽሞ ሊዘጋ ይችላል። አሚትሪፕቲሊንና ክሎርፕሮማዚንም አሴቲልኮሊንን ስለሚያግዱ ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ በዕድሜ የገፉ ሰዎች አፋቸው ይደርቃል፣ ሆዳቸው ይደርቃል፣ ይዘባርቃሉ። ድንገት ግራ ለተጋባ አዛውንት የመድኃኒት ዝርዝሩን መመልከት ሌላ ክኒን ከመጨመር ይቀድማል።

ለግላኮማ የሚሰጥ የቲሞሎል ጠብታ በእንባ መውረጃ በኩል ወደ ደም ገብቶ አስምን ሊቀሰቅስ ይችላል። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይን ይጨፈናል፣ የዓይኑ የውስጥ ማዕዘን በአፍንጫ በኩል ለሁለት ደቂቃ በጣት ይጫናል።

ታካሚው ወደ ቤቱ ሲሄድ በመጀመሪያ የሚነገረው ቤታ አጋጅንም ሆነ የግፊት መድኃኒቱን ክሎኒዲንን በድንገት እንዳያቆም ነው። ከቆሙ ግፊቱ ያሻቅባል፣ የልብ ሕመም ያለበትም የደረት ውጋት ወይም የልብ ድካም ሊያገኘው ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቆመው በጾም ወይም ጠበል ሲገባ ስለሆነ ከመውጣቱ በፊት ይህ በግልጽ ይወራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒን ጾሙን በሚፈታበት ሰዓት ወይም ማታ እንዲወስድ ከሐኪሙ ጋር ይስማማል፤ ጠበል የሚሄድም ክኒኑን ይዞ ይሄዳል። ምቱን በእጅ አንጓው ላይ መቁጠር እሱ ራሱ ወይም አንድ የቤተሰቡ አባል ይማራል። ምቱ ከ50 ከወረደ፣ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱ ማፏጨት ከጀመረ ወይም እግሩ ካበጠ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሳል።