የልብ ምት ያስጨፈረው ቀይ ብናኝ

እስቲ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። የልባችሁ ምት ይሰማችኋል፤ ግን በዓይን ማየት ይቻላል እንዴ?

በ1968 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስለ ማሽን ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ የፈረንሳዊው አርቲስት የዣን ዱፒዊ ነበር፤ መስታወት ያለው ሳጥን፣ ውስጡ ቀይ ብናኝ። ተመልካቹ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ሲያደርግ የልቡ ድምፅ ጎልቶ ወደ ስፒከር ይሄዳል። ከስፒከሩ በላይ የተወጠረው ላስቲክ ይርገበገባል። ብናኙም ዘሎ ይነሣና የብርሃን ጨረር ውስጥ ሲገባ ይታያል። የብናኙ ዓይነት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ አየር ላይም ብዙ ይቆያል።

ሐሳቡ የአርቲስቱ ቢሆንም፣ ራልፍ ማርቴል እና ሃሪስ ሃይማን የተባሉ መሐንዲሶች ባይኖሩ ሥራው ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። ከኤግዚቢሽኑ ጋር በተያያዘ ውድድር ይኸው ሥራ ሲያሸንፍ፣ የዳኙት ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ነበሩ፤ ሽልማቱም የተዘጋጀው ለአርቲስት ሳይሆን ለመሐንዲስ ነበር።

እኛ ምሕንድስና የተማርን ሰዎች ማሽንን የምንለካው በጉልበቱና በፍጥነቱ ነው። ይሄኛው ግን ምንም አያመርትም። የሚያሳየው የሚሰማውን ልብ ብቻ ነው፤ ምቱ ሲቋረጥ ብናኙም ተመልሶ ይተኛል።