የከተማ ኢኑይት የድጋፍ አገልግሎቶች

የከተማ ኢኑይት የድጋፍ አገልግሎቶች ከሰሜን ካናዳ ቀያቸው ርቀው በአገሪቱ ደቡብ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ለሚኖሩ፣ እንዲሁም ለሕክምናና ለትምህርት ለሚመላለሱ ኢኑይት (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) የሚሰጡ የጤና፣ የመኖሪያ ቤት፣ የልጆች እንክብካቤ፣ የትርጉምና የምክር አገልግሎቶች ናቸው። ዋና ማዕከላቸው ኦታዋ ሲሆን በሞንትሪያል፣ በዊኒፔግና በኤድመንተንም ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ ለአንድ አነስተኛ ማኅበረሰብ እንደሚደረግ ችሮታ ይታያሉ። አመጣጣቸውና አሠራራቸው ሲመረመር ግን ችሮታ አይደሉም። ኢኑይትን ወደ ከተማ በማምጣት ረገድ የመንግሥት አሠራር ራሱ ትልቅ ድርሻ ስላለው፣ በከተማ የሚሰጠው ድጋፍ ሰሜን ላይ የተጀመረ ግዴታ ቀሪ ክፍል ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካዊ መነሻ

ኢኑይት በብዛት ወደ ደቡብ መወሰድ የጀመሩት በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ ሲ. ዲ. ሃው የተባለችው የመንግሥት መርከብ በአርክቲክ ጠረፍ ካሉ ሰፈሮች እየደረሰች ነዋሪውን በራጅ ትመረምር ነበር። በሽታው የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡን በወጉ ሳይሰናበት በዚያችው መርከብ ወደ ደቡብ ይወሰድ ነበር። በ1956 ገደማ ከሰባት ኢኑይት አንዱ በደቡብ ሆስፒታሎች ተኝቶ ይታከም እንደነበር ይገመታል። ብዙዎቹ ዓመታት ቆይተው ተመለሱ፤ ሕፃናት የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ረስተው ከወላጆቻቸው ጋር መነጋገር አቃታቸው። በዚያው የሞቱትም ነበሩ፣ ቤተሰቦቻቸውም መቃብራቸው የት እንደሆነ ሳያውቁ አሥርት ዓመታት አለፉ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በመጋቢት 2019 ኢቃሉይት በተባለችው የሰሜን ከተማ ተገኝተው ስለዚህ በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ከዚህ ታሪክ መረዳት እንደሚቻለው ለብዙ ቤተሰቦች ከደቡቡ ከተማ ጋር የተደረገው የመጀመሪያ ትውውቅ በምርጫ የሆነ አልነበረም።

መርከቧ ብትቀርም ጉዞው አልቀረም። ኑናቩት በተባለው የሰሜን ግዛት ውስጥ ያሉት 25 ሰፈሮች እርስ በርሳቸውም ሆነ ከደቡብ ጋር በመኪና መንገድ አይገናኙም። ከባድ ሕመም የገጠመው የባፊን ደሴት ነዋሪ ወደ ኦታዋ፣ ከሃድሰን ባሕረ ሰላጤ በስተ ምዕራብ የሚኖረው ወደ ዊኒፔግ፣ በሰሜን ኩቤክ ያለው የኑናቪክ ነዋሪ ደግሞ ወደ ሞንትሪያል በአውሮፕላን ይላካል። ከኢቃሉይት ኦታዋ የሦስት ሰዓት ያህል በረራ ነው። ሕክምናው ሲራዘም አስታማሚው ሥራ ይለቃል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ እንግድነቱ ሳይታሰብ ነዋሪነት ይሆናል። በሰሜን ያለው የቤት እጥረትና የኑሮ ውድነት፣ ሥራና ከፍተኛ ትምህርት ፍለጋም ሰዎችን ወደ ከተማ ይገፋሉ።

ቁጥርና በጀት

በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በካናዳ 70,545 ኢኑይት ተመዝግበዋል። ከመቶ 69 ያህሉ የሚኖሩት ኢኑይት ኑናንጋት በሚባለው የትውልድ ምድራቸው ነው፤ የቀሩት ከዚያ ውጭ ይኖራሉ። «በየከተማው ላሉ ጥቂት ሺህ ሰዎች የተለየ ተቋም ምን ያስፈልጋል? ለነባር ሕዝቦች ሁሉ የተቋቋሙት ማዕከላት አይበቁም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ የሚነሳው ከዚህ ቁጥር ነው። መልሱም ያለው እዚያው ቁጥር ውስጥ ነው። በዚያው ቆጠራ ኢኑይት ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ከመቶ አራት ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ለሁሉም ተብሎ የተዘጋጀ አገልግሎት በአብዛኛው የሚቀረጸው በብዙኃኑ ልማድ ነው። በዕፅዋት ጭስ መታጠንን የመሰለ የሌሎች ነባር ሕዝቦች ሥርዓት ለአንድ ኢኑክ (የኢኑይት ነጠላ ቁጥር) ከቤተሰቡ የወረሰው ወግ አይደለም። ቆጠራው ራሱም ጎዶሎ ነው። በ2016 በኦታዋና በአጎራባቿ በጋቲኖ የተቆጠሩት 1,280 ነበሩ፤ ማኅበረሰቡ የተሳተፈበትና በ2017 የወጣው የጤና ጥናት ግን በኦታዋ ብቻ ከ3 ሺህ በላይ ኢኑይት እንዳሉ ገምቷል። ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚያድር ወይም ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ከመዝገብ ይቀራል፤ በጀት ሲመደብም ከሁሉ ይልቅ ድጋፍ የሚያሻው እሱ ሳይታሰብ ያልፋል።

ተቋማትና አሠራር

ከተቋማቱ ቀደምት የሆነው በ1987 በኦታዋ የተመሠረተው ቱንጋሱቪንጋት ኢኑይት ነው፤ ስሙ «ኢኑይት በደስታ የሚስተናገዱበት ቦታ» ማለት ነው። የቤት ፍለጋ፣ የሥራ፣ የሱስ ማገገሚያና የምክር አገልግሎት ይሰጣል። ኢኑቃቲጊት የተባለው ማዕከል ሕፃናትን የኢኑይት ቋንቋ በሆነው በኢኑክቲቱት ያስተምራል፣ ወላጆችንም ይደግፋል። አካውሲቪክ የቤተሰብ ጤና ጣቢያ ሆኖ የተቋቋመ ነው። በሞንትሪያል አቅራቢያ ዶርቫል የሚገኘው ኡሊቪክ ከኑናቪክ የሚመጡ ሕሙማንና አስታማሚዎች የሚያርፉበት ቤት ነው።

ተቋማቱን ልዩ የሚያደርጋቸው በትንንሽ ነገሮች ይታያል። ብዙ ኢኑይት «አዎ» ለማለት ቅንድባቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ «አይ» ለማለትም አፍንጫቸውን ይሸበሽባሉ። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጠይቆ መልስ ያላገኘ ይመስለዋል፤ ጥያቄውን ይደጋግማል ወይም ሕመምተኛዋ ለመተባበር እንዳልፈለገች ይደመድማል። እሷ ግን መልሳለች። ማኅበረሰቡ በሚገናኝበት ግብዣ ደግሞ የካሪቡ፣ የአቆስጣና የአርክቲክ ዓሣ ሥጋ ወለል ላይ በተነጠፈ ካርቶን ይዘረጋል፤ ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ ኡሉ በሚባለው ግማሽ ጨረቃ በሚመስል ቢላ እየቆረጠ ይበላል። ይህ ምግብ በከተማ ገበያ እንደ ልብ ስለማይገኝ ከሰሜን በአውሮፕላን ይመጣል። ማዕዱ ለብቻው የተነጠለ ሰው ዘመድ የሚያገኝበት፣ ስለ ቤትና ስለ ሥራም የሚጠያየቅበት ስለሆነ ከድጋፉ ተለይቶ አይታይም።

ክርክሮች

ሁለተኛው ተቃውሞ የተለየ አገልግሎት ሰውን ከከተማው ኅብረተሰብ ይነጥላል የሚል ነው። ስጋቱ በቅንነት የሚነሳ ቢሆንም የተቋማቱ አሠራር አይደግፈውም። አስተርጓሚዎች ሕሙማንን ወደ ከተማው ሆስፒታል ያደርሳሉ፤ በቤት ፍለጋ የሚያግዙ ሠራተኞች ከአከራይ ጋር ያገናኛሉ። በአንጻሩ አንድ ዓይነት መለኪያ ለሁሉም መጠቀም በራሱ ፍትሕ እንዳልሆነ ዴንማርክ አሳይታለች። በዚያ አገር የግሪንላንድ ተወላጅ ኢኑይት ወላጆች ልጅ የማሳደግ ብቃት ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ባላገናዘበ የሥነ ልቦና ፈተና ይመዘን ነበር። ከረጅም ተቃውሞ በኋላ ፈተናው ለእነዚህ ቤተሰቦች እንዳያገለግል በ2025 ተወስኗል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ኢኑይት በመሬት ስምምነቶቻቸው የራሳቸው ድርጅቶችና በጀት ስላሏቸው የከተማው ድጋፍ ድርብ ወጪ ነው ይላል። ሆኖም በ1975 እና በ2005 መካከል የተፈረሙት አራቱ ዋና ስምምነቶች የተመሠረቱት በክልል ነው። ከክልሉ የወጣ ሰው የስምምነቱ ተጠቃሚ ሆኖ ቢቀጥልም ብዙዎቹ የዕለት ተዕለት አገልግሎቶች አይከተሉትም፤ ክልሉ «ወጥቷል» ሲለው ከተማው ደግሞ «የሰሜን ሰው ነው» ይለዋል። የከተማ ተቋማቱ የቆሙት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹም በየጊዜው በሚታደስ የፕሮጀክት ገንዘብ ስለሚተዳደሩ የሠለጠነ አስተርጓሚና አማካሪ አቆይቶ ማሠራት ይቸግራቸዋል። የበሽተኛውን የአውሮፕላን ትኬት የሚከፍል መንግሥት አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ላለው ኑሮም ቋሚ በጀት ሊመድብ ይገባዋል።